ቤት የሚጎትቱ ሰዎች

አባቴ አፍተርኑን ሺፍት በገባ ቁጥር እኔን የሚጠብቁኝ ጎረቤታችን ዶን ኤላዲዮ ነበሩ። ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። ያኔ ግን የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱታ አያውቅም፤ ስለዚህ እሳቸው ስልሳ ዓመት አልፏቸው፣ እኔ ገና በሰባት ዓመቴ፣ እኩዮች ነበርን። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1994 ነው፣ ሰፈሩ የሜልቦርኑ ሰንሻይን። ሁለታችንም የምንኖረው ከእንጨት በተሠራ የኪራይ ቤት ውስጥ ነበር፤ መሀላችን ያለው አጥር ሁለት ጣውላ ስለጎደለው በዚያ ሾልኬ እሄዳለሁ።

እናቴ ፍቅርተማርያም ካርቱም ቀርታ ነበር። ከስደት ወደዚህ ልንመጣ ሦስታችንም ስንመረመር እሷ ሳንባዋ ላይ በሽታ ተገኘባት። መድኃኒቷን ጨርሳ ትከተላለች ተባለና የእኛ ቪዛ እንዳይቃጠል አባቴና እኔ ቀደምን። ስድስት ወር ነው የተባልነው። ስድስት ወሩ አልፎ ሌላው ሲጀመር አባቴ ‹‹ደረሰች፣ ደረሰች›› ማለቱን አልተወም፤ እኔም እሑድ እሑድ ድምፄን በካሴት እየቀዳሁ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ወለቀው ጥርሴ፣ ስለ ጎረቤታችን እነግራታለሁ። በዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ እንድትመጣ። እሷ ካልመጣች ደግሞ እኛ እንድንሄድ።

ዶን ኤላዲዮ የቺሌ ሰው ናቸው ይባል እንጂ እሳቸው ቺሌን የሚያነሷት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። አገሬ የሚሉት ቺሎኤን ነበር፤ በቺሌ ደቡብ በኩል ያለች ደሴት። ካርታዋን የሚሥሉልኝ ጓሯቸው ሲሚንቶ ላይ፣ አትክልት በሚያጠጡበት የውሃ ጎማ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ረጅም መስመር ይስባሉ፤ ይሄ ቺሌ ነው። ከዚያ የጎማውን አፍ በአውራ ጣታቸው እየጨፈኑ ወደ ታችኛው ጫፍ ይረጩታል፤ መሬቱ እዚያ ጋ ተሰባብሮ ደሴት ይሆናል። በበጋ ፀሐይ ካርታው ከላይ ጀምሮ ስለሚደርቅ፣ ሥለው ሲጨርሱ ቺሌ ጠፍታ ቺሎኤ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን በጣም ይወዱት ነበር።

ቺሎኤ ዝናብ የማይዘንብበት ወር የላትም። ድንቹ ወይን ጠጅ አለ፣ ጥቁር አለ፣ እንደ ጣት የተጣመመ አለ። ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም እንጨት ነው፤ ግድግዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ስንጥር ጣውላ ይሸፈናል። ባሕሩ ደግሞ በቀን ሁለቴ አገሩን ጥሎ ይሄዳል። ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ በጎናቸው ተጋድመው ይቀሩና ውሃው ተመልሶ መጥቶ ያነሣቸዋል። ‹‹የት ሄዶ ነው የሚመጣው?›› አልኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኔ ካርቱም ደርሶ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴንና እኔን ምሳ ጠሩን። ጓሯቸው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ድንጋይ በእሳት አግለዋል፤ በላዩ ላይ የባሕር ቀንድ አውጣውን፣ የአሳማ ሥጋውን፣ ድንቹን ደርድረው በጎመን ቅጠልና በእርጥብ ጆንያ ሸፍነውታል። አገራቸው ሰው ሲሰበሰብ የሚበላው ይህን ነው አሉን። አባቴ ጆንያው ሲገለጥ ውስጡን አየና አማተበ። ከዚያ በጨዋ ደንብ ድንቹን ብቻ እየለቀመ በላ። ወደ ቤት ስንመለስ ‹‹ደግ ሰው ናቸው፤ ሆዳቸው ግን የኖኅ መርከብ ነው›› አለኝ። ያኔ አባቴ ይቀልድ ነበር።

ስለ ሚንጋ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

‹‹ሰው የሚኖርበት ቦታ ካልተመቸው ምን ያደርጋል?›› ብለው ጠየቁኝ።

‹‹ቤት ይቀይራል።››

‹‹አይደለም። ቤቱን ይዞ ይሄዳል።››

በሩና መስኮቱ ይወልቃል፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ መስተዋቱ ይወጣል አሉኝ። ቤቱ ግንድ ላይ ይቀመጣል፣ በሬዎች ይጠመዳሉ፣ ጎረቤት ሁሉ ማልዶ ይመጣና ገመድ ይይዛል። ባሕር መሻገር ካለበት ባሕሩ ሲሸሽ ዳር ላይ ያኖሩታል፤ ሲመለስ ያንሳፍፈዋል፤ ጀልባዎች እየጎተቱ ወደሚፈለገው ደሴት ያደርሱታል። ልጅ ሆነው የአክስታቸው ቤት በባሕር ላይ ሲሄድ በዓይናቸው አይተዋል። ለዚህ ሁሉ ክፍያ የለውም፤ ባለቤቱ አብልቶ አጠጥቶ መሸኘት ነው።

ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። ‹‹ይሄማ ደቦ ነው። እኛ ለአጨዳ እንሰባሰባለን፣ ጎጆም እንሠራለን። ቤት በባሕር ላይ ሲጎተት ግን አልሰማሁም። ሰውዬው እያጫወቱሽ ነው።›› እያጫወቱኝ አልነበረም። ካደግሁ በኋላ ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ፤ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ውሃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከፊቱ ትንንሽ ጀልባዎች ሲስቡት።

‹‹የእኛስ ቤት ይሄዳል?›› አልኳቸው በማግሥቱ። በግራ ጉልበታቸው ተንበርክከው ከደረጃችን ሥር የላላውን ጣውላ ገለጡና በባትሪ አበሩልኝ። ቤታችን መሬት አልነካም። አጫጭር የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው የቆመው፣ ከሥሩ ጨለማና የሸረሪት ድር። ‹‹እግር አለው እንጂ ሥር የለውም›› አሉኝ። ነገሩ ለእኔ በዚያ አለቀ። ደግሞም ባላራት ሮድ ላይ ግማሽ ቤት፣ መጋረጃው እንደተሰቀለ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ከትምህርት ቤት ስንመለስ አይቼ ነበር። እዚህም የሚንቀሳቀስ ነገር ነው ማለት ነው። እስከ አልቶና ባሕር ዳር ድረስ ከተጎተተልን የቀረውን ውሃው ያደርሰዋል።

‹‹ግን ሰው ዝም ብሎ አይመጣም›› አሉ ዶን ኤላዲዮ። ‹‹ባለቤቱ እያንዳንዱን ጎረቤት ፊት ለፊት ቆሞ በአፉ መለመን አለበት። በአፍ የተለመነ ሰው እምቢ አይልም።›› እሳቸው የአገራቸውን ወግ ነው ያወሩልኝ። እኔ የምሠራውን ሥራ ነው የሰማሁት።

እሑድ ቅዳሴ የሚደረገው በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰው ሲወጣ እትዬ ተረፈችን በር ላይ ጠበቅኋቸው። እትዬ ተረፈች ከአባቴ ጋር የሱዳንን በረሃ ያቋረጡ፣ በየበዓሉ ዳቦ የሚልኩልን ሴት ናቸው። እጃቸውን ያዝኩና ‹‹እትዬ፣ ቤታችን ይመጡልናል?›› አልኳቸው። ‹‹ለእማዬ ብዬ ነው። ሁላችሁም በጠዋት ከመጣችሁ ይሆናል። ለአባዬ ግን እንዳይነግሩት።››

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ‹‹ማን ነገረሽ አንቺ?››

‹‹ማንም። ራሴ ነኝ ያሰብኩት።››

ጎንበስ ብለው አቀፉኝ፤ አንገቴ ሥር ፊታቸው ረጥቦ ነበር። ‹‹እንመጣለን የኔ ልጅ። ቅዳሜ ማለዳ እንመጣለን›› አሉኝ። ቀጥዬ የማኅበረሰቡን ሽማግሌ ጋሼ አምሳሉን ለመንኳቸው። እሳቸው ራሴን ዳብሰው ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። ሌሎቹንም እየዞርኩ ለመንኩ። አንድም ሰው እምቢ አላለኝም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ የእኔ ግን ለአንድ ቅዳሜ በቃ።

እናቴ ያን እሑድ ከሞተች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። ከካርቱም የተደወለው ለአባቴ ሳይሆን ለጋሼ አምሳሉ ነው፤ ባል የሚስቱን ሞት በስልክ አይሰማም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ አጠገብ ሲኖር ነው የሚነገረው። አገር ቤት ቢሆን በማግሥቱ ነበር። ሜልቦርን ውስጥ ግን የአባቴም፣ የአርጂዎቹም ሺፍት መጠየቅ ስላለበት ሥራ የሌለበት ቅዳሜ እስኪገኝ ተጠበቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በእነዚያ ሳምንታት አባቴ ሞቷን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር እየተሳሳቀ ሠርቷል፤ እኔ ለሞተች እናቴ ካሴት ቀድቻለሁ። እትዬ ተረፈች እስከ ዛሬ ታሪኩን እንደ ተአምር ነው የሚያወሩት፤ ‹‹የልጅ ልብ ነግሯት፣ ራሷ ናት ኑ ብላ የጠራችን›› ይላሉ። አርሜያቸው አላውቅም። በምን አፌ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ብርጭቆዎቹን በፎጣ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። የግድግዳውን መስተዋት ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩ። ለዶን ኤላዲዮ ነገ ሚንጋ አለን ስላቸው እንደ ጨዋታ ቆጥረውት ‹‹ገመዱን እኔ አመጣለሁ›› አሉኝ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ለብሼ ጫማዬን አስሬ በመስኮት አየሁ። እውነትም መጡ። መኪኖቻቸውን መንገዱ ጫፍ ላይ አቁመው መብራት አጥፍተው፣ ቀስ እያሉ፣ ሳይነጋገሩ በእግር ይመጣሉ። ወንዶቹ በካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከፊት ጋሼ አምሳሉ፣ ቀጥሎ ቄሳችን አባ ገብረጻድቃን። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው።

‹‹እንኳን ደህና መጣችሁ›› አልኩ በሹክሹክታ። ‹‹አባዬ ተኝቷል። ገመዱን ዶን ያመጡታል።››

ጋሼ አምሳሉ ፊታቸውን አዞሩ። ‹‹ይችን ልጅ ያዟት›› አሉ። የእትዬ ተረፈች ልጅ፣ ነርስነት የምትማረው ቅዱሳን፣ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችኝ። በሩ ከኋላችን ሳይዘጋ አባቴ ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ‹‹ምነው? ምነው በደህና?›› ሲል ሰማሁት። አባ ገብረጻድቃን ዝግ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰማሁ። ከዚያ አባቴ ጮኸ። አባቴ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሴቶቹም ተቀበሉት፣ ‹‹ፍቅርዬ! ፍቅርተማርያም!›› እያሉ።

አባቴ ቤቱ እንዲሄድ አልፈለገም ብዬ ነው ያሰብኩት። ሳላስፈቅደው ስላደረግኩት ተቆጣ፤ እነሱም ‹‹ወደ ፍቅርተማርያም እንሂድ›› እያሉ ይለምኑታል።

ዶን ኤላዲዮ ጩኸቱን ሰምተው በአጥሩ ክፍተት ጎንበስ ብለው ገቡ። እውነትም ገመዱ በትከሻቸው ላይ ነበር። ቅዱሳንን በዓይናቸው ጠየቋት። እሷ ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር አለቻቸው። ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው ሣሩ ላይ አስቀመጡ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ ፊቴ ተንበረከኩ።

‹‹ሂዊ፣ ይህ ሚንጋ አይደለም። እናትሽ ሞታለች። ሰዎቹ የመጡት ለዚህ ነው።››

‹‹ኖ፣ ኖ፣ ዶንት ቴል ኸር›› አለች ቅዱሳን፣ እንዳይነግሩኝ ክንዳቸውን እየያዘች።

‹‹ልታውቅ ይገባታል›› አሏት። ‹‹እናቴ ወንድሜን እየጠበቀች ነው የሞተችው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሩን አትቆልፍም ነበር። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ሞቷል አላላትም።››

ወንድማቸውን ባሕር የወሰደው መስሎኝ ነበር፤ ቤት ሲያሻግር። ወንድማቸውን የወሰዱት ወታደሮች ናቸው፤ በፈረንጆቹ 1973 የቺሌ መንግሥት የተገለበጠ ጊዜ። ይህንን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለዚያ ዘመን ሳነብ፣ እሳቸውን መጠየቅ የማልችልበት ጊዜ ላይ ነው።

ሮጬ ገባሁ። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘውታል። ‹‹አባዬ፣ እማዬ ሞተች?›› አልኩት።

ለቅሶው ተቋረጠ። አባቴ ጋሼ አምሳሉን አያቸው። ጋሼ አምሳሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ‹‹ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም አለማየሁ›› አሉት በዝግታ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

‹‹ማነው ያለሽ?››

‹‹ዶን።››

‹‹ሽማግሌው ነገሩ ተምታቶባቸው ነው። የሞተችው አያትሽ ናት፣ የእማዬ እናት። እማዬ ሐኪም ቤት ናት። ሲሻላት ትመጣለች።›› ይህን ሲል ጢሙ እንባ ይዞ ነበር፤ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም። ‹‹እማዬ ትመጣለች አይደል?›› ብሎ ዙሪያውን አየ። ከሁሉም ቀድመው እትዬ ተረፈች ‹‹ትመጣለች የኔ ልጅ›› አሉ። ከዚያ ሁሉም አሉ። አባ ገብረጻድቃን ብቻ መስቀላቸውን እያዩ ዝም አሉ።

ለቅሶው እንደገና ሲቀጥል ስም አልነበረውም። ፍቅርዬ ማለት ቀረ። እኔ ቤት ውስጥ እስካለሁ ድረስ ‹‹ወይኔ፣ ወይኔ›› ብቻ እያሉ አለቀሱ። እናቴ በገዛ ለቅሶዋ ላይ ስሟን ተነጠቀች፣ በእኔ ምክንያት። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻት ለማላውቃት አያቴ ትንሽ አለቀስኩ። አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች።

አባቴ ሐዘኑ ሲያልፍ የአጥሩን ክፍተት በጣውላ መታው። ዶን ኤላዲዮ ቤት ሄዶ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ሺፍት ሲገባ ከዚያ ወዲያ የምውለው ዌስት ፉትስክሬይ፣ እትዬ ተረፈች ጋ ሆነ። አንድ ቀን በአጥሩ ስንጥቅ አየኋቸው፤ ቲማቲማቸውን ያጠጣሉ። ‹‹ውሸታም›› አልኳቸው። ‹‹እማዬ ሐኪም ቤት ናት። ቤትም አይሄድም።›› የውሃውን ጎማ መሬት ላይ ጣሉት። መልስ የሚሰጡኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

‹‹አባትሽ ያለሽን ስሚ›› አሉኝና ገቡ።

በዚያው ዓመት ሴት ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሄዱ፤ የት እንደሆነ የነገረኝ የለም። እውነቱን የነገረኝ ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ እኛ አስፈራርተን አፋቸውን አስዘጋናቸው። ከመላው ሰንሻይን መርዶዬን ያረዳኝ አንድ የቺሎኤ ሰው ነው፣ ያውም በሰባራ እንግሊዝኛ። በዚህ ዛሬም እቆጣለሁ። ‹‹ላንቺ ብለን ነው›› ይሉኛል፤ ያምኑታልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ለሚጠብቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ካሴት መቅዳቴን ቀጠልኩ። አባቴ አልከለከለኝም። እንዲያውም ባዶ ካሴት ይገዛልኝ ነበር፤ ስጨርስ ይወስድና ‹‹ልኬዋለሁ›› ይለኛል። የት እንዳደረጋቸው እስካሁን አልጠየቅኩትም።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ሊያገባ አሰበ። ሴትዮዋ መልካም ሴት ናት፣ ዛሬም እወዳታለሁ። ወደ ቤት ስትመጣ መኝታ ቤቱን እያሳየኋት ‹‹እማዬ ስትመጣ ግን እዚህ የምትተኛው እሷ ናት›› አልኳት። እሷም የእጅ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። በሳምንቱ አባቴ በመኪና ወደ ገበያ ማዕከሉ ወሰደኝ። ጋሼ አምሳሉ ከፊት ተቀምጠዋል። አይስክሬም ገዙልኝ፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ሁለቱም ወደ ኋላ ዞሩ።

‹‹ሂዊ፣ አሁን ትልቅ ልጅ ነሽ›› አሉ ጋሼ አምሳሉ። ‹‹እማዬ አርፋለች።››

‹‹መቼ?››

አባቴ መሪውን እያየ ‹‹ቆየ›› አለኝ። ‹‹ያን ጊዜ ሰዎች ቤት የመጡት ለዚያ ነው።››

ከፊታችን አንዲት ሴት የገበያ ጋሪዋን እየገፋች አለፈች። ሁለቱም ፊቴን ይመለከታሉ፤ እኔም የእነሱን እመለከታለሁ። አባቴ ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ የጋሼ አምሳሉም ደረቅ።

‹‹አየህ›› አሉት ጋሼ አምሳሉ። ‹‹ልጅ በጊዜው ሲነገረው ይችለዋል።››

‹‹ጠንካራ ናት›› አለ አባቴ፤ ትከሻው ወደ ታች ሲወርድ አየሁት፣ ከባድ ዕቃ አድርሶ እንዳስረከበ ሰው።

ጠንካራ አልነበርኩም። ሰው ብቻውን ማልቀስ ከየት ይጀምራል? አንድ ሰው ማስጀመር አለበት፣ ሌላው መቀበል አለበት፣ የሚይዝ ክንድ መኖር አለበት። እናቴን ያለቀሱላት ሰዎች ሁሉ ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ባለሁበት፣ ከእኔ ተደብቀው፣ አልቅሰው ጨርሰዋል። ንፍሮውን በልተው ፊታቸውን ታጥበው ወደየሥራቸው ተመልሰዋል። ለእኔ የተረፈ ለቅሶ አልነበረም።

‹‹ሳይቀልጥ ብዪው›› አለኝ አባቴ ሞተሩን እያስነሣ። በላሁት።